«መልእክቱስ የት አለ?»

ይህቺን ጥያቄ የጠየቀን ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱ ሥራውን እየሠራ ነበር፣ እኛም ሥራችንን። ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ማሲንቆ ተጫዋች ነኝ። ከአራት ተዋንያንና ከአንዲት መሪ ጋር ፕሌይባክ ቲያትር እንሠራለን። ለማያውቀው ባጭሩ፣ የተጻፈ ድርሰት የለም። ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጥና ያጋጠመውን ወይም የሚሰማውን ይናገራል። መሪዋ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቀዋለች። ከዚያ «እንይ!» ትላለች፤ ተዋንያኑም ሳይመካከሩ እዚያው በዚያው ይሠሩታል። እኔም የምጫወተውን የማውቀው ስጫወተው ነው። ነገሩን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1975 ጆናታን ፎክስና ጆ ሳላስ ከጓደኞቻቸው ጋር ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ጀመሩት። እኛ ጋ ሲመጣ ግን እንደ እንግዳ አልቆጠርነውም። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግጥሙን አንተ ትሰጣለህ፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስልሃል፣ ቤቱ በሙሉ ደግሞ የናንተን ጨዋታ የራሱ ያደርገዋል።

ያን ጊዜ የተጠራነው ለዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነበር። በፈረንጅ ኦክቶበር 10 ነው፣ በኛ መስከረም ማብቂያ ላይ ይውላል። በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል፤ እኛን የመሰሉ ቡድኖች ስልክም በብዛት የሚጮኸው ያኔ ነው። ተመልካቾቹ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪ ሰዎች፣ ካርድ ክፍል የሚሠሩ፣ የአምቡላንስ ሹፌሮች። አዳራሹ የተለመደው ነው። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባነር፣ በየወንበሩ ሥር ሃይላንድ ውሃ፣ በር ላይ አቴንዳንስ የምታስፈርም ልጅ። ርዕሱ «ጭንቀት በሥራ ቦታ» ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰዉ ተቆጥቦ ነበር። አንዱ ስለ ትራንስፖርት ተናገረ፣ አንዷ ስለ አለቃዋ በጨዋ ደንብ አማረረች። ሠራንላቸው፣ ሳቁ። ከዚያ አንዲት ነርስ ወጣች። ወጣት ናት፤ ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሮጣ የመጣች ትመስላለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ምንም አልሆንኩም» አለች መጀመሪያ። «ማለቴ የደረሰብኝ ነገር የለም። ግን ማታ ማታ ቤቴ ተኝቼ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይላል። ልቤ ይመታል። ስልኬ ሳይጮኽ የጮኸ ይመስለኛል፣ ተነስቼ አያለሁ። ምንም የለም። ተመልሼ እተኛለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።»

መሪያችን ጎበዝ ናት፣ አታጣድፍም። ትንሽ ጠበቀቻትና «ምን ይመስልሻል ያ ነገር? ቅርጽ ቢኖረው?» አለቻት።

ነርሷ ወደ መሬት አየች። «ሰው ነው የሚመስለኝ። በሬ ላይ የቆመ ሰው። ግን አያንኳኳም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሃይላንዱን እየጨመቀ ሲያንቋቋ የነበረው ሰውዬ እንኳ ተወው።

«እንይ!»

አንዷ ተዋናይት ወዲያው የቤት ሥራ ጀመረች። ውሃ ትጥዳለች፣ ልብስ ታጥፋለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ደግሞ ታጥፋለች። ሁለቱ መድረኩ ጥግ ተቀምጠው ትንፋሽ ብቻ ሆኑላት። አጭር አጭር ትንፋሽ፣ መሀል ደረት ላይ የሚቀር። አራተኛው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመና እጁን ሊያንኳኳ አነሳ። አነሳና አየር ላይ ተወው። በቃ። ሌላ ምንም አላደረገም። ሴትየዋ ስታጥፍ፣ ስትነሳ፣ ስትቀመጥ እጁ እዚያው ነው። እየቆየ ክንዱ ደከመው፤ ከክርኑ ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ከኋላው ሆኜ አየዋለሁ። ያ መንቀጥቀጥ ትወና አልነበረም፣ የእውነቱን ነው የዛለው። ግን አላወረደም።

እኔ አንቺሆዬ ቅኝት ያዝኩ። ቅኝቱን የሚያውቅ ያውቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች እጅግ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት፣ አንዱ ሌላውን ይቧጭረዋል። እነዚያን ሁለቱን ብቻ ይዤ ተመላለስኩ። ወደ ሦስተኛው አልሄድኩም። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ መደበቂያ የለውም። ደጋኑን ዕጣን በደንብ ካላሹት ደግሞ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያን ዕለት ዕጣኑ አልቆ ስለነበር እየተሰነጠቀ ነው የወጣው። እንዲያውም ለዚያ ታሪክ የሚስማማው እሱ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ከኋላ አንድ ድምፅ የመጣው። «ተቀበል!»

ዞር ስል አንድ ሽበታም የአምቡላንስ ሹፌር ቆመዋል። እኛ ቤት ይህ አይፈቀድም። ታሪኩ የተናጋሪው ነው፣ ተመልካች መሀል ላይ አይገባም። መሪያችን እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን። ሹፌሩ ግን እኛን አላዩም። ወደ ነርሷ ነው የሚያዩት። «ልጄ፣ ልበልልሽ?» አሉ። እሷ አንገቷን ነቀነቀች፣ «ይበሉ ጋሼ» አለች። ያኔ ነው ግጥሙን የሰጡኝ።

«ደጄ ላይ የቆመ የማያንኳኳ ሰው፣
ግባ አልለው እንግዳ፣ ሂድ አልለው የኔ ነው።»

ተቀበልኩ። እጄ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ተቀበልኩ። ሁለተኛውን ዙር ስመልሰው ትንፋሽ የነበሩት ሁለቱ ተዋንያን አብረውኝ አወጡት፣ ሦስተኛው ላይ የፊት ወንበሮቹ ገቡበት። ከግራ በኩል አንዲት አዋላጅ ተነስታ፣ እሷም ነርሷን አይታ ካስፈቀደች በኋላ፣ ጨመረች።

«ሳይጠሩኝ አቤት ባይ እኔ ብቻ መስሎኝ፣
ለካ ጎረቤቴም ባንኖ ያድራል አሉኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን የቀልድ ሳቅ አልነበረም፣ የተያዘ ነገር ሲለቀቅ የሚወጣው ዓይነት ነው። በሩ ላይ የቆመው ልጅ እጁን እንደሰቀለ ነው። መሪያችን ነገሩን ስትዘጋ ወደ ነርሷ ዞር ብላ እንደ ደንባችን «አየሽው?» አለቻት።

«አየሁት» አለች። እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች። «ቆሞ ነበር። እናንተም አያችሁት አይደል?»

ለኔ የዚህ ሥራ ምንነት በዚያች ጥያቄዋ ውስጥ አለ። ጭንቀት ያለበት ሰው ትልቁ ስቃዩ የሚያየውን ሌላ ሰው አለማየቱ ነው። ለሐዘን ሙሾ አለን፤ አስለቃሿ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ ያዘነው ሰው ብቻውን አያለቅስም። ምጥ የያዛት ሴት ጎረቤቶቿ ከብበው «ማርያም ማርያም» ይሉላታል። ለጀግና ፉከራና ቀረርቶ አለን። ሌሊት ያለ ምክንያት ልቡ ለሚመታ ሰው ግን ምን አለን? «አይዞህ» ብቻ። እሷንም በሩን እየዘጋን ነው የምንላት። ድንገት የሚፈጠር ጥበብ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ መድረኩ ላይ ያለነውም ቀጥሎ የሚመጣውን አናውቅም። ያንን አለማወቅ በጋራ ተሸክመን ስንቆም ተመልካቹ ያያል። ተጽፎ ያለቀ ድራማ ይህን አይችልም፤ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ነዋ።

እዚህ ላይ ነው የዝግጅቱ አስተባባሪ፣ ፎካል ፐርሰኑ፣ ማይክ ያነሳው።

«በጣም ደስ ይላል፣ እናመሰግናለን። ግን መልእክቱስ የት አለ? ሰው እንደተጨነቀ ነው እንዴ ወደ ቤቱ የሚሄደው?» አለ። ወደ ነርሷ ዞረ። «እህቴ፣ አይዞሽ፣ አትጨነቂ። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ስፖርት ሥሪ፣ አዎንታዊ አዎንታዊውን አስቢ።» ከዚያ ወደኛ፦ «እስቲ የመጨረሻዋን ድገሙልን። በሩን ትክፈትና ታባርረው። በዚያ ብንዘጋው ጥሩ መልእክት ይሆናል።»

በሩ ላይ የነበረው ልጅ ገና ክንዱን እያሸ ነበር። ደጋኑን ጨብጬ የያዝኩት መሆኑን ያወቅኩት ጣቶቼን ሲያመኝ ነው። አፌ ላይ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም።

መሪያችን በትሕትና «ታሪኩ የእሷ ነው። እሷ ደግሞ አላባረረችውም» አለችው።

«ገባኝ፣ ግን ለትምህርት...»

ነርሷ ተነሳች። ድምፅዋ ቅድም ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እንደነበረው አልነበረም። «እኔ እኮ አባሩልኝ አላልኩም። እዩልኝ ነው ያልኩት። አዩልኝ። ሌላውን እኔ አውቃለሁ፣ ነርስ ነኝ።»

ሹፌሩ ከኋላ አጨበጨቡ። ሰዉ ተከተላቸው። ፎካል ፐርሰኑ «እሺ፣ እሺ» አለና ወደ ሻይ ሰዓት አሳለፈን። መጨረሻው አልተደገመም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። እኛ የምንሠራው ሕክምና አይደለም፣ የሕክምናን ቦታም አይተካም። እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት፤ ይህን ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ሰውዬው ስለ ሕክምና ቢያወራ ኖሮ፣ የት እንደሚገኝ፣ ሠራተኛው የሌሊት ተረኝነቱ እንዴት እንደሚቀልለት ቢናገር፣ ማሲንቆዬን አስቀምጬ አዳምጠው ነበር። እሱ ግን የሌሊት ፈረቃ ደራርባ የምትገባ ልጅን ውሃ ጠጪ አላት። ስለ ፈረቃው አንድ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ የወጣውን ሪፖርት አይቼዋለሁ። ሹፌሩ ቆመው ግጥም ሲሰጡ የተነሳ ፎቶ አለበት፣ ከሥሩ «ተሳታፊዎች ጭንቀትን ስለመከላከል ግንዛቤ ሲያገኙ» ይላል። ግንዛቤ የሰጡት እሳቸው ነበሩ። የክፍያችን ሁለተኛ ክፍል እስኪለቀቅ የነበረውን ምልልስ ደግሞ ተውት።

በዚያው ሳምንት ልምምድ ላይ በነገሩ ተከራከርን። እኔ ከአሁን በኋላ ከመሪዋ በስተቀር ማይክ የሚይዝ ሰው እንዳይኖር በውላችን ይግባ አልኩ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ አልተስማማም። «ደንብ እናጥብቅ ካልክ ሹፌሩም አይገቡም ነበር» አለኝ። ልክ ነው። የዚያ ቀን ምርጡ ነገር የመጣው ደንባችንን በጣሰ ሰው ነው፤ እኔን ያናደደውም እንደዚያው። ልዩነቱ ሹፌሩ እሷን ጠይቀው ገቡ፣ ሌላው ሳይጠይቅ ገባ። ይህን ደግሞ እንዴት አድርገህ ውል ላይ ትጽፈዋለህ?

መሪያችን ያለችው ግን እስካሁን ይከነክነኛል። «ሰውዬው እኮ ራሱ ተጨንቆ ነው። መጨረሻው ክፍት ሲሆን መቆም አልቻለም። ወንበሩ ላይ መቀመጥ የነበረበት እሱ ነው» አለች። ሙሉ በሙሉ አላሳመነችኝም። የሚጨነቅ ሰው ሁሉ የሌላውን ማይክ አይቀማም። ግን ፊቱን ሳስታውስ፣ ነርሷ መልስ ስትሰጠው ሊስቅ ሞክሮ እንዴት እንዳቃተው፣ መሪያችን ያለችው ነገር ውስጥ እውነት እንዳለ አይጠፋኝም።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ከመጨረሻው ታሪክ በኋላ ንግግር አይደረግም፣ ቀጥታ ሻይ ነው። የሕክምና መረጃ በወረቀት ሻዩ ጋ ይቀመጣል፤ የፈለገ ያነሳል፤ ማንም ማን እንዳነሳ አይመዘግብም። «ተቀበል» ለሚል ሰው ደግሞ ተናጋሪው እስከፈቀደ ድረስ በሩ ክፍት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን የማሲንቆዬ ክር ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው ይመስለኛል።

ሰሞኑን ደግሞ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተደውሎ ነበር። ርዕሱ ያው ጭንቀት ነው። «ስክሪፕቱን ቀድማችሁ ላኩልን፣ ኮሚቴው ያጽድቀው» አሉኝ። ስክሪፕት የለም አልኳቸው። ልምምዳችንን መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ከፈለጋችሁም ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ መናገር ትችላላችሁ አልኳቸው። እንመካከርና እንደውላለን አሉ። ከደወሉ እንሄዳለን፤ የተጻፈ ድራማ ነው የምንፈልገው ካሉም ጥሩ የሚሠሩ ቡድኖች አሉ፣ ስልካቸውን እሰጣቸዋለሁ።