ገበሬው ውኃውን አይገፋም

ተመስጦ የጀመርኩት ንቃተ ሕሊናዬን ለማስፋት ነበር። ሐረጉን በብዙ ቦታ ስላነበብኩትና ከብዙ ሰው አፍ ስለሰማሁት ትርጉሙን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። የሰው አእምሮ እንደ ጠባብ ክፍል ነው፤ በርትተው ከሠሩበት ግድግዳው ይገፋል፤ ከዚያ በፊት ያልነበረ ብርሃንም ይገባበታል ብዬ አስብ ነበር። ይህን አስተሳሰቤን የለወጠው ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚነገረው የጥንቱ የህንድ ጠቢብ የፓታንጃሊ መጽሐፍ «የዮጋ ሱትራ» ነው።

ሱትራ በሳንስክሪት ክር ማለት ነው። መጽሐፉ በአራት ምዕራፎች የተከፈሉ 195 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ይዟል፤ 196 አድርገው የሚቆጥሩም አሉ፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ሱትራ ይባላል። ዓረፍተ ነገሮቹ ከማጠራቸው የተነሣ ያለ ሐተታ አይገቡም። ንባቡ ለብቻው፣ ትርጓሜው ለብቻው፣ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ሆነው ማየቴ የአገራችንን የአንድምታ ትርጓሜ ስላስታወሰኝ ገና ከመጀመሪያው ባይተዋርነት አልተሰማኝም። ከሱትራው ጋር አብሮ የሚነበበው ቀዳሚው ሐተታ የቪያሳ ነው።

ሁለተኛው ሱትራ ዮጋ ምን እንደሆነ ይናገራል፦ ዮጋ የ«ቺታ» «ቭሪቲ» መገታት ነው። ቺታን በአማርኛ ምን እንደምለው ብዙ ጊዜ ተቸግሬአለሁ። «አእምሮ» ስል ማሰብና ማወቅ ብቻ ይመጣብኛል፤ «ሕሊና» ደግሞ በዛሬ አነጋገራችን ወቃሹን ዳኛ ነው የሚያመለክተው። ማሰቡንም፣ ማስታወሱንም፣ መመኘቱንም አንድ ላይ የሚይዝልኝ «ልቡና» ስለሆነ እኔ ልቡና እለዋለሁ። ቭሪቲ መዞር፣ መሽከርከር ከሚል ሥር የወጣ ነው። ፓታንጃሊ የልቡናን መሽከርከር አምስት ዓይነት ነው ይላል፦ ትክክለኛ ዕውቀት፣ የተሳሳተ ዕውቀት፣ በቃል እንጂ በተጨባጭ የሌለ ምናብ፣ እንቅልፍና ትዝታ። ትክክለኛው ዕውቀት ከሚገቱት ጋር መቆጠሩ መጀመሪያ ላይ አስደንግጦኝ ነበር። ሆኖም ሦስተኛው ሱትራ ምክንያቱን ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ጸጥ ሲል የሚያየው አካል በገዛ ባሕርዩ ይጸናል፤ ጸጥ ካላለ ደግሞ ይላል አራተኛው፣ የሚያየው አካል ራሱን ከመሽከርከሩ ጋር አንድ ያደርገዋል። ይህ የሚያየው አካል «ፑሩሻ» ይባላል። በዚህ ፍልስፍና ፑሩሻ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ አሰፋዋለሁ ብዬ የተነሣሁለት ነገር ከመጀመሪያውም አልጠበበም ማለት ነው።

ይህን ከመረዳቴ በፊት ግን ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንድ አስተማሪ በሰባት ቀን ውስጥ ልዩ ንቃት ላይ ያደርሳል ያለውን የትንፋሽ ልምምድ በቪዲዮ እያየሁ ለብቻዬ ጀመርኩ፤ በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግሞ መተንፈስ፣ ከዚያም እስከሚቻለው ድረስ ትንፋሽን መያዝ ነበር። በአራተኛው ጠዋት ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬ ነዘረኝ፣ ክፍሉ ዞረብኝና ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ። እንዲያ በፍጥነት ስንተነፍስ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ እኔ የመንፈስ ከፍታ ነው ብዬ የጠበቅሁት ነገር ይኸው ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈው «ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የተባለ የዮጋ መመሪያ አንበሳ፣ ዝሆንና ነብር ቀስ በቀስ እንደሚገሩ ትንፋሽም እንዲሁ መገራት እንዳለበት፣ ያለዚያ ግን ባለቤቱን እንደሚገድል ያስጠነቅቃል። ያንን ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ፓታንጃሊ ስምንቱን የዮጋ ክፍሎች የደረደረው በከንቱ አይደለም። ትንፋሽን መግራት አራተኛው ነው፤ አካልን አጽንቶ መቀመጥ ሦስተኛው። ዛሬ በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን የሚከበረው ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወሰነው ማለቴ ነው፣ ለብዙ ሰው የሰውነት እንቅስቃሴ ቀን ነው፤ በሱትራው ውስጥ ግን ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። ከሁሉም የሚቀድመው «ያማ» ነው፦ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግዛት፣ አለማግበስበስ። እነዚህን አምስቱን በወገን፣ በቦታ፣ በጊዜና በሁኔታ የማይገደቡ ታላቅ ስእለት ይላቸዋል። ሥነ ምግባር ዓይን ጨፍኖ ከመቀመጥ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ይህን ክፍል ለረጅም ጊዜ ዘልዬው ነበር።

ምን እንደሚያገናኘው ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። የድሮ ጎረቤታችን የሆኑ ትልቅ ሰው ወንድማቸው አርፎባቸው ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤ ሲጠይቁኝም ከከተማ ውጪ ነበርኩ አልኳቸው። ሁላችንም የምንዋሻት ትንሽ ውሸት ናት። በማግስቱ ጠዋት ተቀምጬ ትንፋሼን መቁጠር ስጀምር አራት ላይ ስደርስ እሷ መጣች። ዝም ብላ አልመጣችም፤ የት ከተማ ነበርሽ ቢሉኝ የምመልሰውን፣ ከእናቴ ጋር ከተገናኙ የሚባባሉትን፣ በዓል ሲደርስ ፊታቸውን እንዴት እንደማይ ሁሉ ይዛ መጣች። ወደ ትንፋሼ እመለሳለሁ፤ እንደገና አራት ላይ ያው ነገር። ትዝታ፣ ምናብ፣ ሐሰት፤ ፓታንጃሊ ከቆጠራቸው አምስቱ ሦስቱ በአንዲት ውሸት ዙሪያ ሲሽከረከሩ ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ አየኋቸው። ልቡናዬን ለመግታት የምታገለው እኔ፣ የሚያሽከረክረውን ነገር በገዛ አፌ አበጅቼ ነበር።

ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ያን ዕለት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበርኩ፤ ደክሞኝ ነው የቀረሁት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አውቃለሁ ልጄ፤ ታክሲ ላይ ያየሽ ሰው ነግሮኛል፤ እንኳን ደወልሽ» አሉኝ። በማግስቱ አራት ቁጥርን አልፌ አሥር ደረስኩ። ያን ጠዋት ለትኩረት ምንም የተለየ ጥረት አላደረግሁም።

በአራተኛው ምዕራፍ ሦስተኛው ሱትራ ላይ አንድ ገበሬ አለ። ሱትራው ራሱ የሚናገረው ፍጥረት ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ስለሚለወጥበት መንገድ ነው፤ የእኛ ሥራ ፍጥረትን አይነዳትም፣ እንቅፋቱን ያነሣል እንጂ፣ «እንደ ገበሬው» ይላል። ቪያሳ ሲተረጉመው ገበሬ ውኃን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ሲያሳልፍ በእጁ አይገፋውም፤ የሚያግደውን አፈር ይቆርጥለታል፣ ውኃው በራሱ ይፈስሳል ይላል። ይህን ሳነብ አያቴ በበጋ ሽንኩርት ሲያጠጣ አየሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ የቦዩን አፍ በዶማ አንዴ ወይም ሁለቴ ይመታዋል። ከዚያ ዶማውን ተደግፎ ይቆማል። ውኃው መጀመሪያ ገለባና ደረቅ ቅጠል እየገፋ ይገባል፤ ቀስ ብሎም መደቡ ዳር እስከ ዳር ይጠቁራል።

በዚሁ ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ሽፋንና እድፍ ሁሉ ሲወገድ ዕውቀት ወሰን የለውምና ሊታወቅ የሚቀረው ጥቂት ነው የሚል ቃል አለ። ንቃተ ሕሊና መስፋት የሚባለውን በሱትራው ውስጥ ያገኘሁት እዚህ ነው፤ ሽፋኑ ተነሣ ይላል እንጂ ዕውቀቱ አደገ አይልም። በሦስተኛው ምዕራፍ የተዘረዘሩት አስደናቂ ኃይላት፣ ብዙ ሰው ስለ ዮጋ ሲሰማ የሚማርከው ክፍል፣ በጽሑፉ በራሱ ለጥልቁ ተመስጦ እንቅፋት ተብለዋል። የትንፋሹን ቪዲዮ ስከተል ይህን ዓረፍተ ነገር የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ትንፋሽ አልይዝም፤ እቆጥራለሁ ብቻ። ሰሞኑን ስድስት ላይ ስደርስ የሚመጣብኝ ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼ ያልመለስኩት መጽሐፍ ነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። ቅዳሜ ልወስድለት ከመደርደሪያው አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።