በተሳሳተ ካርታ የገባሁበት ቡድን

የአፈር ተመራማሪዎች ቡድን ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ የላክኋቸው ኢሜይሎች መልስ አላገኙም። ዛሬ መልሼ ሳያቸው አይገርመኝም። «ለዘርፉ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ይላሉ እንጂ ስለ አፈር አንድ መስመር የለባቸውም።

ከዚያ አንድ የዲጂታል አፈር ካርታ ቡድን (የአፈሩን ባሕርይ በኮምፒውተር ሞዴል ገምቶ ካርታ የሚሠራ) መረጥኩና ያወጣቸውን ጽሑፎች ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በነፃ የሚገኝ የአፈር ናሙና ዳታ አወረድኩ። የከፍታ መረጃና የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ጨመርኩበት። ራንደም ፎረስት በሚባለው፣ ከዳታ ተምሮ በሚገምት ሞዴል የአፈሩን ፒኤች (ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ) የሚያሳይ ካርታ ሠራሁ። ውጤቱ ለማመን እስኪያስቸግር ድረስ ያምር ነበር። ማመንም አልነበረብኝም።

ካርታውን ላክሁ። የቡድኑ መሪ የመለሱልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ለመፈተኛ ያስቀመጥካቸው ነጥቦች ሞዴሉ ከተማረባቸው ምን ያህል ይርቃሉ?» ሳጣራ ብዙዎቹ ጎን ለጎን የተቆፈሩ ናቸው። ሞዴሌ ፈተናውን ቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። አካባቢውን በብሎክ ከፋፍዬ፣ እያንዳንዱን ብሎክ በተራ እየደበቅሁ እንደገና ሞከርኩ። ውጤቱ አሽቆለቆለ። አፍሬ ልተወው ነበር፤ ግን ላክሁት። የጠሩኝ በዚህኛው ነው።

ኮድ ስለምችል ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጡኝ መስሎኝ ነበር። የሰጡኝ የአፈር መሰርሰሪያ ነው። አፈሩን አርጥቦ በጣት ማሸት ተማርኩ። አሸዋው ይሻክራል፣ ደለሉ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፣ ሸክላው ይጣበቃል። ቀለሙን መንሰል ከሚባለው የቀለም መለያ ቻርት ጋር ማመሳሰል ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ወደ ኮዱ ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ ሞዴሉ ውስጥ የመክተት አመሌ አልለቀቀኝም። በስብሰባ ላይ «ይሄን ለምን አስገባኸው?» እያሉ አንድ በአንድ አስጣሉኝ። መመዘኛቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የአፈር ተመራማሪው ማክብራትኒና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ስኮርፓን፣ ማለትም አፈርን ለመገመት የሚረዱ ነገሮች ዝርዝር ነው፦ ስለ አፈሩ ቀድሞ የሚታወቀው፣ አየር ንብረት፣ ሕያዋን፣ የመሬት አቀማመጥ፣ እናት ድንጋይ፣ ዕድሜ፣ ቦታ። ከእነዚህ በአንዱ ካላስረዳሁት ይወጣል።

ስህተቴ በዚህ አላበቃም። አንድ ቀን ሙሉ የሰበሰብኳቸው ናሙናዎች ላቦራቶሪ ሲደርሱ የላስቲኮቹ ጽሑፍ በእርጥበት ጠፍቷል። የትኛው ከ15–30፣ የትኛው ከ30–60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንደሆነ ማን ይወቅ? ሁሉም ተጣለ፤ በማግስቱ ተመልሼ ቆፈርኩ። አሁን በማይለቅ ማርከር እጽፋለሁ፤ ላስቲኩን ከጉድጓዱ አጠገብ አድርጌ ፎቶም አነሳዋለሁ።