አባትየውን በስንት ዓይን እንሣለው?

ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ሥዕል አስተምራለሁ። የሠርግ ወር ጥር ሲገባ ከክፍሌ ሴት ልጆች ይጎድላሉ። የጋብቻ ዕድሜ 18 እንደሆነ ያልሰማ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይህ በስብሰባ ሲነገር ግን ሰው «ልክ ነው» ብሎ ይበተናል። ስለዚህ ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር በትምህርት ቤቱ በረንዳ ግድግዳ ላይ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያሳይ አንድ ትልቅ ሥዕል ለመሥራት ተነሣን።

ዘዴውን ያገኘሁት ጣና ሐይቅ ላይ ካለው ዘጌ ነው። እዚያ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። እኛም አቡጀዲ ቆራርጠን፣ ቀለሙን እንዳይጠጣ ስስ ኮላ ቀብተን አደረቅንና ለየቤቱ አደልን። ልጅ ያዘለች እናት መሰላል አትወጣም፤ ቤቷ ግን ቡናው እስኪፈላ ጨርቁን ዘርግታ ትሥላለች። ባልም፣ አማትም፣ ጎረቤትም ያያል፤ ወሬው ከዚያ ይጀመራል።

አንዲት እናት ያመጡትን ጨርቅ መቼም አልረሳውም። ሙሽራ በበቅሎ ተቀምጣለች፤ እግሯ እርካቡ ጋ አይደርስም። «እኔ ነኝ» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በሥዕሉ ላይ ልጁን በሚድረው አባት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ተማሪዎቹ አባትየውን በአንድ ዓይን ሥለውት መጡ። አንድ መሪጌታ ጨርቁን አገላብጠው አዩና፣ «ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ልጅህ ቆማ ቀረች እንዳይሉት ፈርቶ ነው» አሉ።

«የኔታ፣ እሱ ለፈራው እኮ የምዳረው እኔ ነኝ» አለች አንዲት ተማሪ፣ ቀና ሳትል።

ይሄኔ አንድ አባት ተነሥተው የሰው ድግስ በልቶ አለመመለስ እንደሚያሳፍር፣ ታናሿን ከታላቋ ጋር በአንድ ድግስ መዳር ደግሞ ወጪ እንደሚያቀል ተናገሩ። በስንቱ ስብሰባ ሲታፈን የኖረው እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነበር። በመጨረሻ አባትየው በሁለት ዓይን ተሣለ፤ ከጀርባው የጠላ ጋን ተደርድሯል፣ ከጋኖቹ አጠገብ አንዷ ረዥም አንዷ አጭር ሁለት ሙሽሮች ቆመዋል።

ያለቀ ንድፍ ይዤ ብሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ አልሰማም ነበር። ሰዉ ቀለም ቀቢ ሆኖ ይቀር ነበር። ሥዕል ብቻውን ሠርግ ያስቀራል አልልም፤ ድግሱን በእድርና በሰንበቴ ደረጃ ማሳነስ ሌላ ሥራ ይጠይቃል፤ እሱንም ጀምረነዋል።

ልሞክረው ለሚል፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ ሥራውን ቀደም ብላችሁ ጥቅምት ላይ ጨርሱት። ግድግዳው ዝናብ የማያገኘው፣ ከምዝገባው ክፍል አጠገብ ያለ ይሁን። አባቶች በየዓመቱ መስከረም ልጅ ሊያስመዘግቡ ሲመጡ ወረፋ የሚይዙት እዚያ ነው።