ሬዚስተሩን ማን መረጠው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከነፋስ ኃይል ማመንጫው ማከፋፈያ ጣቢያ ተደወለልኝ። ከ33 ኪሎ ቮልት የመሬት ውስጥ ኬብሎች አንዱ ተበላሽቶ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። ይህ ያጋጥማል፤ የተበላሸው መስመር ብሬከር (ኃይሉን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ይከፈታል፣ ሌሎቹ ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ ሌሊት ግን ምንም ያልነካው ጎረቤት መስመርም አብሮ ተቋርጧል።

ስደርስ አንጋፋው ቴክኒሺያናችን ጋቢያቸውን ተከናንበው የሪሌዩን፣ ብልሽት ሲያይ ብሬከሩን ክፈት ብሎ የሚያዘውን መሣሪያ፣ መዝገብ ያነባሉ። «ልጄ፣ ይህ ጤነኛ መስመር 44 አምፔር ወደ መሬት ልኬያለሁ ይላል። ከየት አምጥቶ ነው?» አሉኝ።

ያመጣው ከራሱ ነው። በኬብል ውስጥ ሽቦውና የውጭ መከለያው፣ መካከላቸው ካለው ፕላስቲክ ጋር፣ ረጅም ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ማከማቻ) ናቸው። ከሦስቱ ፌዞች (የኃይል ሽቦዎች) አንዱ መሬት ሲነካ በዚህ ቮልቴጅ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ኬብል 4 አምፔር ገደማ ያፈሳል። መስመሩ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ሪሌዩ ደግሞ 40 አምፔር ላይ እንዲቆርጥ ተደርጓል፤ የጣቢያውን ኒውትራል (የሦስቱን ፌዞች የጋራ ነጥብ) ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሬዚስተር በብልሽት ጊዜ ከሚያሳልፈው 400 አምፔር አሥር በመቶ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ ኬብሉን ሳልለካ። የጥፋቱን አቅጣጫ የሚለይ ሪሌይ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ አይቀጣም ነበር።

ሪሌዩን ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ሆነ። እንቅልፍ የነሳኝ ሬዚስተሩ ነው። 400 አምፔር ከየት መጣ? መዝገቡን ሳገላብጥ ከአንድ የቆየ የአየር መስመር ፕሮጀክት እንዳለ የተገለበጠ ሆኖ አገኘሁት። የአየር መስመር በኪሎ ሜትር የሚያፈሰው ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ እዚያ ማንም ስለ ርዝመት አይጨነቅም። እኛ ጋ 60 ኪሎ ሜትር ኬብል አለ፤ ይህም 240 አምፔር ነው። በሬዚስተሩ የሚያልፈው ከዚህ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ እየበራ እየጠፋ የሚነድ ብልሽት በጤነኞቹ ፌዞች ላይ ቮልቴጅ እየቆለለ ሌላ ደካማ ቦታ ይበሳል። ለጊዜው ደህና ነን። ማስፋፊያው 50 ኪሎ ሜትር ሲጨምር ግን 440 እንደርሳለን።

አብዝቶ መፍቀድም ዕዳ አለው። በአንድ ፌዝና በመሬት መካከል ያለው 19 ኪሎ ቮልት በ400 አምፔር ማለት 7.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ያንን ሁሉ ለ10 ሰከንድ የሚውጠው አንድ የብረት ሳጥን ነው። ኒውትራሉን ያለ ሬዚስተር በቀጥታ መሬት ብናስነካው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር አምፔር የኬብሉን መከለያ ያቀልጠዋል።

ሌላም ጉድ አለ፦ የመስመሩ ብሬከር ሲከፈት ሬዚስተሩ ጣቢያው ውስጥ ይቀራል፣ ተርባይኖቹ ግን እየዞሩ ነው። ያ መስመር መሬት አልባ ይሆናል። ስለዚህ ተርባይኖቹ ቀድመው እንዲቆሙ ማዘዝ ወይም በየመስመሩ የዚግዛግ ትራንስፎርመር (ለመስመሩ የራሱን የመሬት ግንኙነት የሚሰጥ) መትከል ግድ ነው። እኛ የመጀመሪያውን መርጠናል፤ ርካሽ ነው፣ የመገናኛ ገመዱ እስካልተበጠሰ ድረስ።

ስሌቱን ጨርሼ ባለ 24 ኦህም፣ 800 አምፔር ገደማ የሚያሳልፍ ሬዚስተር ጠየቅሁ። ከግዢ ክፍል የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «የድሮው ምን ሆነ?» እስካሁን እየተጻጻፍን ነው።