የቆረጥኩት ቆርቆሮ

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ማንሳት ማለት በአብዛኛው ቁልፍ መጠበቅ ነው። ቁልፉ ቄሰ ገበዙ ጋ ነው። ቄሰ ገበዙ ደግሞ እርሻ ላይ ናቸው። ልጅ ይላካል። ልጁ መንገድ ላይ ጨዋታ ያገኛል። እኔ ደጀ ሰላሙ ሥር ቁጭ ብዬ ፀሐይዋ ስትሄድ አያለሁ።

ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴን ሁሉ የጨረስኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ሰው ሁሉ የሚሄድባቸው ቦታዎች ነበር። ዘጌ ሄጄ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አነሳሁ። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሃነ ክርስቶስንም አነሳሁ። እንጨትና ነጭ ልስን ድንጋይ እየተፈራረቀ የተደረደረበትን ያን ግድግዳ በሌንስ ሳየው ግን፣ ድሮ ያየሁትን ፎቶ ነው እንደገና የማነሳው። የቆምኩበት ቦታ ሳይቀር የሌላ ሰው ነበር።

የራሴን ነገር ፍለጋ ወደ ደቡብ ጎንደር ገጠር ዞርኩ። እዚያ ከሩቅ የሚታይህ ደን ነው። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ መሀል ላይ ጥድና ወይራ ጥቅጥቅ ብሎ ካየህ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ለፎቶ አስቸጋሪ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሀል ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ። ወደ መቅደሱ ካህን ካልሆንክ አትገባም፤ አይጠየቅምም። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ላንሳው ብለህ ወደ ኋላ ስትል ጀርባህ ከሌላ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ሰፊ ሌንስ ስታደርግ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ፍላሽ ይከለክሉሃል፤ ባይከለክሉህም ሥዕሉን ያብለጨልጨዋል።

እኔን ያዋጣኝ በሮቹን ሁሉ ማስከፈት ነው። ብርሃኑ ደጅ መሬት ላይ አርፎ ወደ ውስጥ ሲነጥር ሥዕሉን ለስለስ አድርጎ ያበራዋል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቆማል፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 400፣ መዝጊያው ለ8 ሰከንድ ክፍት። በ8 ሰከንድ ውስጥ እየተራመደ የሚያልፍ ሰው ፎቶው ላይ አይወጣም። ቢወጣም እንደ ጭጋግ ነው። ያኔ ይሄን እንደ ጥቅም ነበር የምቆጥረው።

የፀሐይን አቅጣጫ የሚያሳየው አፕ ደግሞ ጾም አያውቅም። በምዕራቡ በር ጥሩ ብርሃን የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። በጾም ቅዳሴ የሚገባውም ያኔ ነው። ሁለት ጊዜ ካሜራዬን ሳላወጣ አስቀድሼ ተመልሻለሁ። (እናቴ ስትሰማ ከፎቶው ሁሉ የበለጠ ደስ ያላት ይሄ ነው።)

በሦስተኛው ዓመት አንዱ ደብር ጋ ያሳተምኳቸውን ፎቶዎች ይዤ ተመለስኩ። ቄሰ ገበዙን መምሬ ነው የምላቸው። ከእርሻ መጥተው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ተቀበሉኝ። አንድ በአንድ፣ ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩ። ዝም።

«መምሬ፣ አልወደዱትም እንዴ?»

«ኧረ ደግ ነው ልጄ። ጣራው የት ሄደ?»

ጣራውን ቆርጬዋለሁ። ሁሉም ላይ። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው፤ ጥንታዊነቱን ያበላሽብኛል ብዬ አንዱ ላይ በቅርንጫፍ ከልዬዋለሁ፣ ሌላው ላይ ጉልላቱ ጫፍ ያለውን የሰጎን እንቁላል ብቻ አቅርቤ አንስቻለሁ። ይሄን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?

«አዲስ ስለሆነ ነው» አልኩ።

«አዲስማ ነው!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

ከዚያ ከሥሩ ነገሩኝ። ጣራው ሣር በነበረ ጊዜ በየክረምቱ ያፈስ ነበር። ሥዕሉ የተሣለው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ውኃ ሲገባበት ጨርቁ ከግድግዳው ይለቅና ያብጣል፣ ቀጥሎ ይቀደዳል። በሰሜን በኩል አንድ ሥዕል ሙሉውን እንዲያ ሄደ። ምእመኑ ያለውን አዋጥቶ ቆርቆሮ ገዛ። መኪና ስለማይገባ ከመንገዱ ጀምሮ በትከሻ ተሸከሙት። መምሬም ተሸክመዋል። ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ፤ የቆርቆሮ ጠርዝ ነው የቆረጣቸው።

«ዝናብ ሲመጣማ» አሉ እየሳቁ፣ «እግዜር ይሰማው እንደሁ እንጂ ቅዳሴው እኛን አይሰማንም።»

እኔ ትንፋሼን ይዤ ለ8 ሰከንድ የማነሳው ሥዕል የተረፈው እኔው ከፎቶ ባስወጣሁት ቆርቆሮ ነው። ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ፎልደሮቹን አገላበጥኩ። ሽቦ የለም። ቢጫ ጄሪካን የለም። ሰው የለም። የሦስት ዓመት ሥራዬን ለሰው ስናገር «ሰነድ» እያልኩ ነበር። ጣራ የሌለው ቤት ምኑ ነው ሰነድ? አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ብርሃኑን ለመጠበቅ ያን ሁሉ ሰዓት ስቀመጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ይሄን ቤት ማን አደሰው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሣር ክዳን ነው የሚያምረኝ። ቆርቆሮ እኩለ ቀን ላይ ዓይንም ካሜራም ያቃጥላል። ስለዚህ ማለዳ ወይም ደመና ሲሆን አነሳዋለሁ፤ ያኔ እንደ ሰማዩ ግራጫ ይሆናል። ወደ ሥዕሉ ከመግባቴ በፊት ግቢውን ዞሬ ጣራውን፣ የድንጋይ ደወሉን፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ አነሳለሁ። ከዚያም በፊት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ምክንያት ያመለጠኝ ብርሃን ብዙ ነው።

ለመምሬ ጣራው ያለበት ፎቶ እልካለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ደብር ካነሳኋቸው ከ400 በላይ ፎቶዎች ጣራው ሙሉ የሚታይበት አንድ ብቻ ተገኘ። ብርሃን ለመለካት እንደነገሩ ያነሳሁት ነው። ወደ ግራ አጋድሏል። ጥግ ላይ ቁልፍ እንዲያመጣ የተላከው ልጅ ሲሮጥ ይታያል። እሱን አሳትሜ ወደዚያ በሚሄድ ሰው ላክሁላቸው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከሥላሴ ሥዕል ዝቅ ብሎ ተለጥፏል አሉኝ።