መብራት ሲሄድ ሥራውን የሚረሳ ቺፕ

ትናንት ማታ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን መብራት ሄደ። «ወይኔ!» ብሎ የጮኸው ልጇ ነው። የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ሲነካካው ያመሸው ሰርኪት ከነትንንሽ መብራቶቹ ድርግም አለ።

መብራቱ ሲመጣ ሰርኪቱም በራ። ግን ዝም ብሎ ይበራል እንጂ ምንም አይሠራም።

«ተቃጠለ?» አልኩት።

«ኧረ ደህና ነው። ምን እንደነበረ ነው የረሳው።»

ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ ነው። ሌላው ቺፕ የውስጥ አሠራሩ ተወስኖለት ከፋብሪካ ይወጣል። ይሄኛው ግን ባዶውን ይመጣና ውስጡ እንዴት እንደሚያያዝ አንተ ትነግረዋለህ። ዛሬ ሞተር መቆጣጠሪያ፣ ነገ ምስል መተንተኛ። ብየዳ የለ፣ መፍቻ የለ። ማርስ ላይ ያለችው የናሳ ተሽከርካሪ፣ ፐርሰቨራንስ እንኳ ለማረፍ የረዳት እንዲህ ያለ ቺፕ ነው፤ ካረፈች በኋላ እዚያው እንዳለ ለጉዞ ሥራ ቀየሩት። መካኒክ አልተላከም መቼስ!

ችግሩ፣ ብዙዎቹ የተነገራቸውን የሚይዙት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ነው። ለዚህ ነው አጠገባቸው መብራት ቢሄድም የማይረሳ ፍላሽ ሜሞሪ የሚቀመጠው፤ መብራት ሲመጣ ከዚያ አንብበው ራሳቸውን መልሰው ይሠራሉ። የኛው ልጅ ሰንፎ ከኮምፒውተር በኬብል ብቻ ነበር የጫነው። ጅማ ተቀምጦ!

ኬብሉን መልሶ ሰካ። ትንሽ ቆይቶ መብራቶቹ አንድ በአንድ ከግራ ወደ ቀኝ መሮጥ ጀመሩ። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ አየችው።

«እንደኔ ነው በለኛ፤ እኔስ ጠዋት ቡናዬን ሳልጠጣ ስሜን መች አውቃለሁ?»