የቦረና ከብት ለእርባታ ልትገዙ ነው? ወረቀቱን ተጠንቀቁ

ለእርባታ የሚሆን የቦረና ኮርማና ጊደሮች ገዝቼ ሞጆ አካባቢ አስገብቻለሁ። በከብቶቹ እኮራለሁ። የወረቀቱ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ግዢው ብዙ አያስቸግርም። ያቤሎ ወርዳችሁ ሀሮ ባኬ ወይም ዱብሉቅ ገበያ ደላላ ትይዛላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። የግብርና ባለሙያው «ነጭ ከሆነና ሻኛው ትልቅ ከሆነ ቦረና ነው» ብሎኝ ነበር። አልስማማም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ብዙ መንጋ አልቋል። ድርቅ ካለፈ በኋላ መንጋ የሚተካው ደግሞ በተገኘው ከብት ነው፣ ከደጋ የመጣም ይገባበታል። ቦረናዎች ራሳቸው ግዙፉን ቆርቲ፣ አነስ ያለውን አዩና ብለው ይለያሉ። ስለዚህ ኮርማውን ከገበያ ሳይሆን ከመንደር ግዙ። እናቱ እዚያው ናት፣ አሳዩኝ በሉ።

የጤና ምርመራውና ክትባቱ በአንድ ጠዋት አለቀ። ከዚያ የይለፍ ወረቀት መጣ።

ቅጹ ላይ «ዝርያ» የሚል ቦታ አለ። ሠራተኛው «የአካባቢ» ብሎ ሞላው። ቦረና ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። «ወንድሜ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ቦረና አይደል እንዴ? ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። «ዓላማ» የሚለው ላይ ደግሞ ሳይጠይቀኝ «ለድለባ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሚወጣው ወይፈን አብዛኛው አዳማና ሞጆ ማድለቢያ ስለሚገባ፣ ለእሱ ከብት የጫነ ሁሉ አድላቢ ነው። ለእርባታ ነው ስለው ከወረዳዬ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገረኝ። ወረዳዬ ሞጆ ጋ፣ እኔ ያቤሎ። መኪናው ተጭኖ ቆሟል።

ኬላ ላይ ፈታሹ ወረቀቱን አየ፣ ጊደሮቹን አየ። «ጊደር ይደለባል እንዴ?» አለ። እኔስ ምን ስል ነበር! አይሱዙው ፀሐይ ላይ ተገተረ። አንዷ ጊደር ተኝታ ሌሎቹ ረገጧት፣ እኔና ሹፌሩ በጭራዋ እየጎተትን አስነሳናት። ቢሮ ስደውል ስብሰባ ላይ ናቸው። ደግሜ ስደውል «አንተ አይደለህ እንዴ ያስጻፍከው?» ተባልኩ። ሲመሽ ነው የተስተካከለ ወረቀት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም የላኩት። «ለእርባታ» የምትል አንዲት ቃል ናት የተጨመረችው። ዝርያው አሁንም «የአካባቢ» ነው።

እና ምን እንደሚያናድደኝ ታውቃላችሁ? የዚህ ከብት መነሻ የቦረና ምድር ነው። ወደ ኬንያ የወረደውን እዚያ ያሉ የላይኪፒያ አካባቢ አርቢዎች እየመረጡ አራቡት፣ በ1951 እ.ኤ.አ. የቦራን (ቦረናን እንዲህ ነው የሚሉት) አርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ዘሩ ከዚያ ወዲህ ዛምቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ደርሷል፤ ባሕር የተሻገረው በቀዘቀዘ ሽል ጭምር ነው። እዚያ ኮርማ የሚሸጠው አባቱና እናቱ እነማን እንደሆኑ ተጽፎ ነው። መነሻው ላይ ግን የአካባቢ ከብት ነው።

እንግዲህ ከመነሳታችሁ በፊት ከራሳችሁ ወረዳ «ለእርባታ» የሚል ደብዳቤ ያዙ። አያስፈልግም ይሏችኋል፣ አትስሟቸው። ጊደሮቹን ከኮርማው ለይታችሁ በሌላ ወረቀት አስጽፉ። ቅጹ ሳይስተካከል ከብት እንዳትጭኑ። የኮርማውን እናት ደግሞ ፎቶ አንሷት። ጥጃ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ እኔን የሚጠይቀኝ እሷን ነው። ያንን የይለፍ ወረቀት እስካሁን አሳየኝ ያለ የለም።